የልኮቹ ግድግዳ

አባቴ ማየት እንደተሳነው ያወቅኩት በአንድ ክር ነው። ሰማያዊ ክር አምጪ አለኝ፤ ቸኩዬ ጥቁር ሰጠሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ክሩን መልሶ ወርውሮ "አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን የት ጥለሽው መጣሽ?" ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጥቁሩን ተቀብሎ "ተባረኪ" አለኝና ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ሊሰፋበት ተቀመጠ። ተቆጪ አባት ያለው ሰው ይገባዋል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ምርቃት ያስደነገጠኝ ነገር የለም።

ሐዋሳ፣ ፒያሳ ያለችው የስፌት ቤታችን ሦስተኛ ትውልድ ላይ ደርሳለች። ሦስተኛው ትውልድ እኔ ነኝ፤ ሴት በመሆኔ ቅር ያላቸው ዘመዶች ነበሩ፣ አሁንም አሉ፣ ይኑሩ። የጀመሯት አያቴ ናቸው። ከወላይታ መጥተው፣ ከተማዋ ገና ጥቂት መንገዶች ብቻ በነበሯት ጊዜ፣ ሰው በረንዳ ላይ አንድ የእግር ስፌት መኪና ዘርግተው ተቀመጡ። የአገሩን ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎን፣ የተማሩት ደንበኛ ሲለኩ ነው ይባላል፤ ክንድህን ዘርጋ፣ ዙር፣ ቀና በል ማለትን ከሰላምታ በፊት ነበር ያወቁት። ማንበብና መጻፍ ግን አይችሉም ነበር።

ስለዚህ የሰው ልክ ደብተር ላይ አይጽፉም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ረጅም ብጣሽ ጨርቅ ይቆርጡና ትከሻው፣ ደረቱ፣ እጅጌው፣ ቁመቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ በመቀስ ጫፍ ምልክት ያደርጉበታል። ያቺን ብጣሽ "ልክ" እንላታለን። ልኮቹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሚስማር። ከቤተሰቡ የማን እንደሆነች የሚለየው ጫፏ ላይ የሚታሰረው ክር ነው፤ ለአባወራው ጥቁር፣ ለእናት ነጭ፣ ለልጆች ቢጫ። የልጆቹ ተራ በቋጠሮ ይቆጠራል፤ አንድ ቋጠሮ የበኩር ልጅ ናት፣ ሁለት ቋጠሮ ተከታይዋ፤ የአባትና የእናት ክር ምንጊዜም አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው።

አባቴ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው ስለሆነ በእሱ ጊዜ ደብተር ሊያስገባ ሞክሮ ነበር። ደንበኞቹ እምቢ አሉ። ሐይቅ ዳር ሆቴል ያላቸው አንድ ሰውዬ "የአባቴ ልክ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኔን ወረቀት ላይ ልትጽፈው ነው?" ብለው ተቆጡት። አዲስ አበባ የሄዱ፣ ውጭ አገር የሄዱ ሰዎች ለበዓል ሲመጡ አንገታቸውን በበሩ ያስገቡና "ልኬ አለ?" ይላሉ። አለ እንላለን። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ምንም አያሰፉም፣ ሬዲሜድ ነው የሚለብሱት፣ ግን ልካቸው መኖሩን አይተው ይሄዳሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ነው የራሱ ሚስማር የሌለው። አራት ዓመት ተቀምጦ ስለሚሄድ አባቴ ለሁሉም አንድ ትልቅ ሚስማር መታላቸውና ትግራዩም ጋምቤላውም እዚያች ላይ ተደራርቦ ኖረ።

አንድ ልማድ ደግሞ አለን። ደንበኛ ሲሞት ልኩን ከሚስማሩ አውርደን፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለን፣ ለቅሶ ቤት ሄደን ለቤተሰቡ በእጅ እንሰጣለን። ይህንንም የጀመሩት አያቴ ናቸው። የሞተ ሰው ልክ እየተሰቀለ ቢቆይ ሚስማሩ ላይ ያሉት ሰዎች በመጡ ቁጥር ያዝናሉ፣ መጣል ደግሞ ነውር ነው ብለው ነው። ከተማው ለመደው። ልኩን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ዕልባት አድርገው የሚያኖሩ አሉ። አንዲት ሴትዮ የባሏን ልክ ወገቧ ላይ ታጥቃ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አይቻለሁ። የስፌት ቤት ወግ አልመስል ይላል፣ ግን ደንበኛ ያቆየልን ከስፌታችን ይልቅ ይሄ ይመስለኛል። አለዚያማ በየሱቁ የተንጠለጠለውን የተሰፋ ልብስ ትቶ እኛ ጋ ሁለት ሳምንት የሚጠብቅ ማን አለ?

የምንኖረው በመዘምራን ልብስ ነው። ሐዋሳ ውስጥ መዘምራን የሌለው ቤተ ክርስቲያን የለም፤ መዘምራን ካሉ ኮንፈረንስ አለ፤ ኮንፈረንስ ካለ አዲስ ልብስ አለ። ሠላሳና አርባ ሰው በአንድ ከለር። በቤታችን ሕግ ደግሞ መቀስ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ይሰፋል፣ ይተኩሳል፣ ቁልፍ ይተክላል፤ ጨርቅ የሚቆርጠው ግን የቤቱ ታላቅ ነው። አያቴ መቀሱን ለአባቴ ያስረከቡት እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። በዚያው ሳምንት ከሱቅ ቀሩ፣ ዓመት ሳይሞላ አረፉ። አባቴ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቶ አስታውሷቸው አያውቅም።

ከክሩ በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት በውሸት ኖርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋለት እንደ ወሬኛ "ይሄ ሐምራዊ ደግሞ እንዴት ያምራል!" እላለሁ። እሱም እንዳየው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ጠመኔው የሳተበትን መስመር እሱ ለምሳ ሲሄድ አጥፍቼ አሰምራለሁ። ቆርጦ ያበላሸውን እጅጌ ደብቄ ከራሴ ጨርቅ ገዝቼ እቆርጣለሁ። እሱ ያውቅ ይሆን? ግማሹን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ እንዳላወቅኩ መሰለው፣ እኔም እንዲመስለው አደረግኩ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ በየወሩ ይደውላል፤ "እስከ መቼ በመርፌ? ቤቱን ለሞባይል ሱቅ እናከራየው፣ አባዬም ይረፍ" ይላል። አባቴ መቁረጥ ካቆመ ወንድሜ ያሸንፋል። ስፌት ቤቷ ትዘጋለች፣ አባቴም የአያቴን መንገድ ይከተላል። እኔ የፈራሁት ይህን ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ያላልኩትም በዚህ ነው፤ ሐኪም ካየው ዓይኑ መታመሙ እውነት ይሆናል።

አንዲት ደንበኛችን የሞተችው ለኮንፈረንስ ልብስ እጃችን በሞላበት ሰሞን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመዘምራን ውስጥ የቆመች፣ ወጣቶቹ "እማማ" የሚሏት፣ መናኸሪያ ሰፈር የምትኖር ሴት ነበረች። የለበሰቻቸውን የመዝሙር ልብሶች በሙሉ አባቴ ነው የቆረጣቸው። በማግስቱ አባቴ ኮቱን ለብሶ መጣና ልኳን ሊያወርድ ወደ ግድግዳው ሄደ። እኔ ጠረጴዛው ጋ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት የመዘምራን መሪዎችን ስለ አንገት ሞዴል እያነጋገርኩ ነበር።

ሚስማሩን ሳይሳሳት አገኘው፤ የሚስማሮቹን ቦታ በእጁ ያውቀዋል። ከዚያ ላይ ሁለት ልኮች ያዘ። የሴትየዋ ቁመትና የበኩር ልጇ ቁመት አንድ ነው፣ ሁለቱም ረጃጅሞች ናቸው። ሁለቱም ልኮች አንድ አንድ ቋጠሮ አላቸው። አንዱ ክር ነጭ ነው፣ አንዱ ቢጫ። አባቴ ሁለቱንም ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየ። ከዚያ ቢጫውን አወረደ።

አየሁት። "ምናልባት አላየሁም ይሆናል" ብዬ ራሴን ላታልል ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አይቻለሁ። "አባዬ፣ ያ ቢጫ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ሁለቱ ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል፣ ወሬው ከሰዓት በኋላ ሐዋሳን ያዳርሳል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ስጨርስ አብሬው እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይ እቀይረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ነጩንም ከሚስማሩ አውርጄ ኪሴ ከተትኩት። ሰዎቹ ግን በአንገቱ ሞዴል ሊስማሙ ነው? አንዱ ክብ ይላል፣ አንዱ ሹል። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ "እኔ ልቅደም፣ አንቺ ጨርሰሽ ነይ" አለና ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

ሰዎቹን እንዴት እንደሸኘኋቸው አላስታውስም። ለቅሶ ቤቱ ስደርስ አባቴ ድንኳኑ መሀል ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወረቀቱን ለባልየው ሰጥቶ፣ ሁልጊዜ የሚላትን እያለ ነበር፦ "ልካቸው እኛ ዘንድ ነበር። ዛሬ ወደ ቤቱ ይግባ። ጌታ ያጽናናችሁ።" ባልየው በሁለት እጁ ተቀብሎ አጠገቡ ለተቀመጠችው እህቱ አቀበላት። እህቲቱ ወረቀቱን ገለጠችው።

የበኩር ልጅቷ ከጎናቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው።

"በኢየሱስ ስም!" ብላ እህቲቱ ጮኸች። "በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!" ጨርቁን እንደ ትኩስ ነገር ጣለችው። ሰው ሁሉ ተነሣ። በየዓመቱ ልካቸውን ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ቢጫ ክር ምን እንደሆነ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም። አባቴ ባርኔጣውን እንደያዘ ፊቱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ "ምን ሆኑ? ምን ሆኑ?" ይላል፣ አጠገቡ ላለው ለማንም። ባልየው ጨርቁን ከመሬት አነሣና ዝግ ብሎ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የልጄ ነው" አለው።

"ነጭ ነው" አለ አባቴ። "ነጭ አይደለም እንዴ?"

ያኔ የኔን ዳና ሰማ መሰለኝ ወደ እኔ ዞረ። ሁለት ደንበኛ ፊት ያልተነፈስኩትን ነገር መቶ ሰው ፊት ተነፈስኩት። "ቢጫ ነው፣ አባዬ" አልኩ።

መዘምራኑ ጩኸቱን ለመሸፈን መዝሙር ጀመሩ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ነጩን ልክ ለባልየው ሰጥቼ፣ አባቴን ክንዱን ይዤ ወጣሁ። በባጃጅ ቤት ልንደርስ ስንል "ልጅቷን አስደነገጥኳት" አለ። "እርጉዝ ሴት አስደነገጥኩ።" ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። እኔ ግን "ሥራ በዝቶብህ ነው፣ ማንም ይሳሳታል" አልኩት።

እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በገድ አናምንም፣ ሟርት አንፈራም። ይህን በቀን ሦስቴ እንላለን። በሚቀጥለው እሑድ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ "ክር ሕይወት የለውም፣ ሕይወት የጌታ ነው" ብሎ ሰበከ አሉ፣ ጉባኤውም አሜን አለ። ሰኞ ጠዋት የፓስተሩ ባለቤት መጣች። "እንዲያው ልጆቹ ስላደጉ፣ ልካቸውም ስለተለወጠ…" እያለች የቤተሰቡን የአምስቱንም ልክ ወሰደች። ደህና፣ ልጆች ያድጋሉ። የፓስተሩስ? እሱም አድጓል?

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። እውነቱን የተናገረ የለም። አንዱ ለመታሰቢያ ነው አለ፣ አንዷ ፎቶ ላነሣው ነው አለች፣ የሆቴሉ ሰውዬ ዘበኛቸውን ላኩ። የተቆጣቸው ሰው የለም። እኔ ተቆጪ ነኝ፤ ደንበኛን ስለ አንድ ቁልፍ የምሰድብ ሰው ነኝ። ያኔ ግን እያንዳንዱን ልክ በሁለት እጄ አውርጄ፣ አጥፌ ሰጠሁ። ምን ልበላቸው? ሚስማሩ የኛ ነው እንጂ ልኩ የነሱ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ከወጣ በኋላ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አያቴ ለክተዋቸው የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ሦስት ትውልድ ሙሉ ሰውነታቸውን አምነውን፣ በአንድ ወር ወሰዱት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባቴ ይህን አልሰማም። ከለቅሶው በኋላ ጠዋት ጠዋት ቤት መዋል ጀምሯል፣ ከሰዓት ብቻ ብቅ ይላል። አንድ ቀን "ልኩን የወሰደ ሰው አለ?" አለኝ። "አራት ሰው ብቻ" አልኩት። መቶ ያህል ወስዶ ነበር። ሲገባ ግድግዳውን በእጁ ዳበስ የማድረግ ልማድ አለው፤ የፈራሁት ያንን ነው። ስለዚህ ከመዘምራን ልብስ የተረፈ ሳተን ጨርቅ በረጃጅሙ እየቆረጥኩ ባዶዎቹ ሚስማሮች ላይ ሰቀልኩ። ክር የላቸውም፣ ምልክት የላቸውም፣ የማንም ልክ አይደሉም። አባቴ ሲገባ እጁን ሙሉው ግድግዳ ላይ አሳለፈና "ተመስገን" አለ። እኔም ተመስገን አልኩ። ከነገርኩት ውሸት ሁሉ ይሄ ሳይቀልልኝ አልቀረም፤ አፌን መክፈት እንኳ አላስፈለገኝም።

ልጅቷ በሰላም ወለደች፣ ሴት ልጅ። የሰማሁ ቀን ተንበርክኬ አመሰገንኩ፣ ወሬውም የሚበርድ መሰለኝ። ግን ወለደች ብሎ ልኩን መልሶ ያመጣ ሰው የለም። የልጅቷም አባት ያቺን ቢጫ አልመለሳት።

በመጨረሻ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ እየተጨቃጨቅን አባቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ በባትሪ አየውና የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው አለ፤ ሁለቱም ላይ። ኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት አይሞላም። "ለምን እስካሁን ቆዩ? ይሄ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት የሚያልቅ ነገር ነው" አለ። ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዓይን ሥዕል አየሁ። በእግሩ ሄዶ በማግስቱ በእግሩ የሚመለስበትን ነገር ነው እኔ ሞት አድርጌ ሁለት ዓመት የደበቅኩት።

ፋሻው የተነሣለት ቀን አባቴ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ትንሽ አየኝና "አርጅተሻል" አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ሁለት ቀን ቆየልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀድሞኝ ሱቅ ሄዶ ነበር። ልነቅላቸው አስቤ ነበር፣ ሳተኖቹን፤ ግን ነቅዬስ? ባዶውን ሊያየው ነው? ስገባ ግድግዳው ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል። አንዱን የሳተን ብጣሽ ጭኑ ላይ ይዟል። አረንጓዴ ነው፣ ያለፈው ዓመት የኮንፈረንስ ከለር።

"ይሄ የማን ልክ ነው?" አለኝ።

"የማንም።"

"ይሄኛውስ?"

"የማንም፣ አባዬ።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸቱን አውቀዋለሁ፣ መልስም አለኝ። ተነሥቶ ከመጀመሪያው ሚስማር ጀምሮ እየሄደ ሐሰተኞቹን አንድ በአንድ አወረደ። የቀሩት እውነተኛ ልኮች ጥቂት ነበሩ፣ ከነሱም ብዙዎቹ የተማሪ። ከዚያ የዚያች ሴትዮ ቤተሰብ ሚስማር ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ያን ቀን ልኩን ሳወርድ እዚህ ነበርሽ" አለ።

"ነበርኩ።"

"አይተሻል?"

የሆነውን ሁሉ ልነግረው አሰብኩ፤ ስለ ሁለቱ ሰዎች፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ አያቴ፣ እንዳይሞትብኝ ብዬ እንደሆነ። ከአፌ የወጣው "አይቻለሁ" ብቻ ነው።

አባቴ ከሚስማሩ ዞሮ አየኝ። በአዲስ ዓይን መታየት እንዲህ ከባድ እንደሆነ አላውቅም ነበር። "እኔስ ዓይኔ ታሞ ነው" አለ። "አንቺ ምን ሆነሽ ነው?"

ኮቱን ለበሰ። ባርኔጣውን አነሣ። በየቤቱ ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፤ መጀመሪያ መናኸሪያ፣ ባልየው ዘንድ፣ ከዚያ ሌሎቹ ዘንድ፣ የሆቴሉ ሰውዬ ዘንድም ሳይቀር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር፤ አልሰጠኝም፣ አልደበቀብኝምም። ነጠላዬን አንሥቼ ልከተለው ስል እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።

"አንቺ ቁጭ በይ" አለኝ። "አብረሽኝ ከመጣሽ፣ አሁን ደግሞ ምን እየደበቅሽኝ ነው እያልኩ ነው የምሄደው።"

ቁጭ አልኩ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ፣ ሁለት ባጃጅ አሳለፈና ብቻውን ተሻገረ።